የአሮጌ ሳንቲም የዳይ ምልክት እንዴት ይለያል? ከማርያ ትሬዛ እስከ 1969ኙ ሳንቲም

ቤታችሁ ውስጥ ጠገራ ብር ካለ 1780 የሚል ቁጥር ታገኙበታላችሁ። ቁጥሩ ግን ብሩ መቼ እንደተመታ አይናገርም። የኦስትሪያዋ ማርያ ትሬዛ በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች ወዲህ የብዙ አገር መምቻ ቤቶች ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመቱት ኖረዋል፤ ቪየና ዛሬም ይመታዋል። የእኛዎቹም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። 1895 የሚለው የምኒልክ ግርሽ (የብር ሃያኛ) ዓመቱ ሳይለወጥ እስከ 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ፓሪስ ውስጥ ተመትቷል። 1936 የሚሉት የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በንጉሡ ዘመን ለዓመታት በዚያው ቁጥር ተመትተዋል፤ 1969 የሚሉትም እንደዚሁ ተደጋግመው ወጥተዋል።

ስለዚህ በአገራችን ገንዘብ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ማንበብ ሥራው የሚጀመርበት ብቻ ነው። የትና መቼ እንደተመታ የሚናገሩት ከዳዩ ወደ ሳንቲሙ የተላለፉት ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው። እነዚያን ልዩነቶች እቤት ተቀምጦ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ፣ እንዴት ማየትና መመዝገብ እንደሚቻል እንይ።

ዳይ ምንድን ነው? ምልክቱስ ከየት ይመጣል?

ሳንቲም የሚወለደው በሁለት ጠንካራ ብረቶች መካከል ነው። አንደኛው የፊቱን፣ ሌላኛው የጀርባውን ቅርጽ ተገልብጦና ሰርጉዶ ይዟል። እነዚህ ብረቶች ዳይ ይባላሉ። ልሙጡ ክብ ብር ወይም መዳብ በመሐላቸው ገብቶ በከባድ ኃይል ሲጨመቅ፣ በዳዩ ላይ የሰረጎደው ሁሉ በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ዳይ ብዙ ሺህ ጊዜ ከመታ በኋላ ያልቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ ይሸረፋል። የተሰነጠቀ ምጣድ ስንጥቁን በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ እንደሚያትም ሁሉ፣ የተሰነጠቀ ዳይም እስኪለወጥ ድረስ በሚመታው ሳንቲም ሁሉ ላይ ያንኑ መስመር ይተዋል። በምትኩ የሚገባው አዲስ ዳይ ደግሞ ከአሮጌው ጋር በሁሉ ነገር እኩል አይሆንም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ለዩ። አንደኛው ሆን ተብሎ የተለወጠ ንድፍ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ የምናየው የምኒልክ ብር አንበሳ እግር ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። ሁለተኛው በአንድ ዳይ ላይ የደረሰ ስንጥቅ፣ ሽርፍ ወይም ተደርቦ የተመታ ፊደል ሲሆን፣ ከዚያ ዳይ በወጡ ሳንቲሞች ሁሉ ላይ በአንድ ቦታ ይደጋገማል። ሦስተኛው ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ እንደሚመታው ያለ፣ በአንድ ሳንቲም ላይ ብቻ የደረሰ አጋጣሚ ነው። የዳይ ምልክት የምንለው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ብቻ አይቶ «አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ማለት አይቻልም። ያው ምልክት በሌላ ሳንቲም ላይ፣ በዚያው ቦታ መገኘት አለበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ አንጥረኛ አጉሊ መነጽር፤ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፤ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ)፤ አንገቱ የሚተጣጠፍ የጠረጴዛ መብራት፤ ጥቁር ለስላሳ ጨርቅ፤ ማግኔት፤ ደብተር። ስልካችሁ በቅርብ የሚያነሳ ካሜራ ካለው ሌላ ካሜራ አያስፈልግም። ከአሥር እጥፍ በላይ የሚያጎላ መነጽር ለጀማሪ አይመከርም፤ እያንዳንዱ ጭረት ተራራ ሆኖ ይታይና ዋናው ነገር ይጠፋል።

ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙ። ደግሞም አትጠቡት። በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን በፊደላቱ ሥር ያሉት ስስ መስመሮች አብረው ይጠፋሉ። የምንፈልገው ደግሞ እነሱኑ ነው። ጭቃ ካለበት በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉትና ሳትፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርቁት። ከዚያ በላይ ምንም አታድርጉ።

ደረጃ 1፦ መዝኑና ለኩ

ምልክት ከመፈለግ በፊት ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ይቀድማል። ማርያ ትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክ አንድ ብር 28.075 ግራም ሆኖ ከሺህ 835 እጅ ብር ነው። የእሱ ክፍልፋዮች በዚያው ስሌት ይሄዳሉ፦ አላድ (ግማሽ ብር) 14.04 ግራም፣ ሩብ 7.02፣ ተሙን (የብር ስምንተኛ) 3.51፣ ግርሽ ደግሞ 1.40 ግራም።

በእጅ ብዙ የኖረ ብር ትንሽ ይቀላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። መክበድ ግን ምክንያት ይፈልጋል። በአገራችን ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥ ስለሚውል፣ ከላይ በኩል ማንጠልጠያ የተበየደበት ብዙ ነው። ማንጠልጠያው ቢነሳም የብየዳው ቅሪት በጠርዙ ላይ ይቀራል፤ ክብደቱንም ይጨምራል። ጠርዙን ዙሪያውን እያዞራችሁ እዩት። የተበየደበት ቦታ ላይ የሚታየው እብጠት የዳይ ምልክት አይደለም።

ደረጃ 2፦ መብራቱን ከጎን አምጡ

ብዙ ሰው ሳንቲሙን መብራት ሥር ያደርግና ከላይ ወደ ታች ያያል። በዚያ ብርሃን ስስ ስንጥቅ አይታይም። መብራቱን ከጠረጴዛው ከፍታ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን አውርዱት፤ ብርሃኑ የሳንቲሙን ገጽ ጨርፎ እንዲያልፍ አድርጉ። ከዚያ መብራቱን ትታችሁ ሳንቲሙን በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ ዙር እስኪሞላ ድረስ ዓይናችሁን ከአንድ ቦታ አታንሱ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ እለፉ። ገጹን እንደ ሰዓት በአሥራ ሁለት ከፍሎ በተራ መሄድ ይረዳል፤ ምልክት ስታገኙም «ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከከንፈሩ ወደ ውስጥ» ብሎ ለመጻፍ ያመቻል፤ ከንፈር የምንለው በገጹ ዙሪያ ከፍ ብሎ የሚዞረውን ክፈፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ጎልቷል ወይስ ሰርጉዷል?

የዚህ ሥራ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ መረሳት የለበትም።

ዳይ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ክፍተት ነው። በሚመታበት ጊዜ ብሩ ወደ ክፍተቱ ይገባና በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። ዳይ ሲሸረፍም እንደዚሁ የጎላ እብጠት ይወጣል፤ ሽርፉ ከንፈሩ ጋ ከሆነ ከንፈሩንና ፊደሉን አንድ ላይ የሚውጥ ቅርጽ የለሽ ጉብታ ይሆናል። በተቃራኒው ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ የደረሰበት ጭረት፣ የቢላ ምልክት፣ የውድቀት ጉድፍ ሁሉ የሰረጎደ ነው። ስለዚህ መስመር ባያችሁ ቁጥር ብርሃኑ ከየትኛው ጎኑ እንደሚያርፍበትና ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ ተመልከቱ። የጎላ መስመር ከመብራቱ ወገን ያበራል፣ ከማዶ ጥላ ይጥላል። የሰረጎደው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከተጠራጠራችሁ ሳንቲሙን ግማሽ ዙር አዙሩትና እንደገና እዩ።

ለዚህ ደንብ ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው በዳዩና በብሩ መካከል ክር ወይም የብረት ፍቅፋቂ ገብቶ ሲመታ የሚተወው የሰረጎደ ምልክት ነው። ይህ ከመምቻ ቤት የወጣ ቢሆንም በአንድ ሳንቲም ላይ ብቻ የሚደርስ ነው። ሁለተኛው ዳዮቹ በመሐላቸው ብር ሳይኖር እርስ በርስ ሲጋጩ የሚተዉት ጥላ ነው። በፊቱ ባዶ ሜዳ ላይ የጀርባው ቅርጽ ጠርዝ ተገልብጦ በስሱ ይታያል። በምስሉ አገጭና አንገት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ትርጉም የሌለው ቅስት ካያችሁ፣ የጀርባውን ፎቶ በስልካችሁ ገልብጡና በላዩ ላይ አስተያዩት። ከገጠመ የተጋጨ ዳይ ነው።

በሜዳው ላይ ብዙ ስስ፣ ትይዩ፣ የጎሉ መስመሮች ካሉ ዳዩ ሲወለወል የቀሩ ናቸው። ውልወላ ሲበዛ ደግሞ ስሱን የቅርጽ ክፍል ያጠፋል። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች የምታውቁት የ1937ቱ ባለሦስት እግር ጎሽ አምስት ሳንቲም የመጣው ከዚህ ነው፤ ዴንቨር ውስጥ አንድ ዳይ ከመጠን በላይ ተወልውሎ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ።

ደረጃ 4፦ የተደረበ ፊደልን ከተንሸራተተ ምት ለዩ

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ፊደል ወይም ቁጥር ሁለት ሆኖ ይታያል። ግን ሁለት ዓይነት ሁለትነት አለ።

የመጀመሪያው ዳዩ በተሠራበት ጊዜ ቅርጹ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ተዛንፎ ተቀርጾበት የመጣ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ምስሎች ክብነት አላቸው፤ በከፍታ ይቀራረባሉ፤ ፊደሉ ከተለመደው ይሰፋል፤ በማዕዘኖቹ ላይ እንደ ጥርስ የተሰነጠቀ ጫፍ ይታያል። የአሜሪካ የ1955 ባለሊንከን አንድ ሳንቲም ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ጽሑፉና ዓመቱ ያለ መነጽር ሁለት ሆነው ይታያሉ።

ሁለተኛው በምቱ ቅጽበት ዳዩ ልል ሆኖ ስለተንሸራተተ የመጣ ነው። በዚህኛው ሁለተኛው ምስል ጠፍጣፋ ነው፤ ልክ እንደ መደርደሪያ ከፊደሉ ጎን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ዋናው ፊደል ከጎኑ ስለተጨፈለቀ ከመስፋት ይልቅ ይቀጥናል። ይህ በብዙ ሳንቲሞች ላይ የሚገኝ ተራ ነገር ነው፤ ዋጋም አይጨምርም። ሻጭ «ድርብ ነው» ብሎ ሲያቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፦ ሁለተኛው ምስል ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ?

ደረጃ 5፦ የፊቱንና የጀርባውን አቅጣጫ ለኩ

ሳንቲሙን ምስሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጋችሁ በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ ያዙት። ወደ ጎን ስታዞሩት ጀርባው ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ተዘቅዝቆ? ከሁለቱ አንዱ ከሆነ መደበኛ ነው። በመሐል ገብቶ ዘመም ካለ ግን ዳዩ በማሰሪያው ውስጥ ዞሯል ማለት ነው። በስንት ሰዓት ያህል እንደዞረ በደብተራችሁ ጻፉ። ተመሳሳይ ዝንባሌ ያላቸው ሳንቲሞች ከአንድ ጥንድ ዳይ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉና ስንጥቆቻቸውንም አስተያዩ።

ደረጃ 6፦ በምኒልክ ብር ላይ ሥሩ

አሁን ዓይናችሁ ስለተዘጋጀ ወደ እውነተኛው ሥራ እንግባ። የምኒልክን አንድ ብር ጀርባ ገልብጡ። ዘውድ የደፋው አንበሳ ወደ ግራችን ይራመዳል፤ አንድ የፊት እግሩን አንሥቷል። የትኛውን?

አንበሳው ወደ ግራችን ስለሚሄድ ለእኛ የሚታየው የራሱ ግራ ጎን ነው። ስለዚህ ለእኛ የቀረበው የፊት እግር ግራ እግሩ ነው፤ ከማዶ ያለው ቀኝ እግሩ ነው። በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. በተመቱት ብሮች ላይ የተነሳው ግራው ነው። በ1892 እና በ1895 ዓ.ም. ብሮች ላይ ደግሞ ቀኙ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የዓመቱ ቁጥር የሚጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው፤ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪፣ ፲፰፻፺፭። ብሩ ሲያልቅ የመጨረሻው አኃዝ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያኔ ፯ ከ፱፣ ፪ም ከ፭ ጋር ይምታታል። እግሩን ካነበባችሁ ግን ከአራቱ ዓመታት ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ። ቀሪዎቹን ለመለየት ከጎን በሚመጣው ብርሃን በላይና በታች ሰረዞቹ መካከል ያለውን የአኃዙን አካል ቅርጽ ፈልጉ። 

እግሩና ዓመቱ ካልተስማሙ ቁሙ። ቀኝ እግሩን ያነሳ አንበሳ 1887 ከሚል ቁጥር ጋር ቢገኝ፣ አኃዙ በስሕተት ተነቧል ወይም ቁጥሩ በእጅ ተነክቷል። በአኃዙ ዙሪያ ያለውን ሜዳ ከሌላው ሜዳ ጋር አስተያዩ። የተፋቀ ቦታ ይጎደጉዳል፤ ገጹም ይለያል። ይህ ደንብ የሚሠራው ለአንድ ብሩ መሆኑን አትርሱ፤ ትናንሾቹን ለየብቻ መመርመር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የፓሪስ መምቻ ቤት ምልክት የሆነውን የላቲን ኤ ፊደል ፈልጉ። ከጎኑ ጥቃቅን ሥዕሎች ካሉ ሥዕላቸውን በደብተር ገልብጡ። በፓሪስ የመምቻ ቤቱ ምልክት በፍሬ የተሞላ ቀንድ ነበር። የዋናው ቀራጭ ምልክት ደግሞ ሰውየው ሲለወጥ አብሮ ይለወጥ ነበር፤ እስከ 1896 እ.ኤ.አ. የታሰረ የበትር ጥቅል፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1930 ችቦ። ዓመቱ በማይለወጥ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ሥዕል ትልቅ ምስክር ነው።

በመጨረሻ ጠርዙን እዩ። በብሩ ጠርዝ ላይ የጎላ የግዕዝ ጽሑፍ አለ። በሻጋታ በተቀዳ ሐሰተኛ ብር ላይ ይህ ጽሑፍ የፈዘዘ ይሆናል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ጠርዙን ዞሮ ይታያል። ገጹም በመነጽር ሲታይ በጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው።

ደረጃ 7፦ ጠገራ ብርን መለየት

ይህ ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም የሚያረካው ነው። በገበያችን ላይ ዙሪያውን የዞረው ብር ከብዙ ከተማ የመጣ ነው። የመጀመሪያው በዛሬዋ ጀርመን ውስጥ ባለችው በጉንዝቡርግ ከተማ ተመታ፤ ከእቴጌይቱ ምስል ሥር ያሉት ኤስ እና ኤፍ ፊደላት የዚያ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ኋላ የመጡት ሁሉ እነዚህን ፊደላት ስለገለበጡ የጉንዝቡርግ ማረጋገጫ አይሆኑም። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ብሩን በሮም መምታት ጀመረች። እንግሊዝም ለንደን ውስጥ ትመታው ጀመር፤ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። በ1940 እና 41 ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ በቦምቤይ ተመታ። ቆይቶ በርሚንግሃምም ገባበት።

የድሮ ነጋዴዎቻችንና ገበሬዎቻችን ብሩን ሳያዩ አይቀበሉም ነበር። በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ በትከሻዋ ላይ ያለውን የልብስ መያዣ ጌጥ ነጠብጣብ ይመረምራሉ፤ ከሥሯ ያሉት ሁለት ፊደላት ጎልተው መውጣታቸውን ያያሉ፤ የደበዘዘውን ይመልሳሉ። ዛሬ ሰብሳቢዎች መምቻ ቤቱን የሚለዩት በነዚያው ቦታዎች ነው። ለዚህ ዓይን ትልቅ አክብሮት አለኝ።

እናንተም በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

ሀ) የትከሻው ጌጥ። ቅርጹ ክብ ነው ወይስ ሞላላ? በዙሪያው ስንት ዕንቁ አለ? ቁጠሩና ጻፉ። ዕንቁዎቹ ተነካክተዋል ወይስ ተለያይተው ቆመዋል?

ለ) የራስ ጌጡ ዕንቁዎች። ባሏን በ1765 ካጣች በኋላ ያለው ምስሏ ስለሆነ የሐዘን ሻሽ ተከናንባለች፤ ጌጡ ከሻሹ በላይ ነው። ዕንቁዎቹን ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ሐ) የንስሩ ጭራ። ገልብጡና ሁለት ራስ ያለውን ንስር እዩ። የጭራው ላባዎች ብዛትና አደራደር፣ የክንፉም ጫፍ ከጽሑፉ ያለው ርቀት ከመምቻ ቤት መምቻ ቤት ይለያያል።

መ) ከ1780 ቀጥሎ ያለው የኤክስ ቅርጽ። ክንዶቹ እኩል ናቸው? ከነጥቡ ምን ያህል ይርቃል? ይህች ትንሽ ምልክት ብቻዋን ብዙ ታሳያለች።

ሠ) ጠርዙ። ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ የሚለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጣጌጥ ጋር ጎልቶ ይዞረዋል። የጌጣጌጡን ቅርጽ በፎቶ ያዙ።

አምስቱን ሳትመዘግቡ «ይህ የሮም ነው፣ ያ የቪየና ነው» ማለት አትቸኩሉ። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ወደ ስሕተት ይወስዳል፤ አምስቱ ሲስማሙ ግን የታወቀ መነሻ ካለው ብር ጋር ማመሳሰል ይቻላል።

ደረጃ 8፦ በ1936 እና በ1969 ሳንቲሞች ተለማመዱ

ብር ለመግዛት አቅም የሌለው በመዳብ ይጀምር። የ1936 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር። ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ ተሰበሰበና በምትኩ ጠርዙ እንደ ማዕበል የተቆረጠው ወጣ። የክቡ ቁጥር ስለዚህ ትንሽ ነው። ማዕበላማውም ሁለት ዓይነት ነው፤ የአንደኛው አቆራረጥ ሻካራና ያልተስተካከለ ሲሆን የሌላው ለስላሳና እኩል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጠርዛቸውን በመነጽር እዩ፤ ልዩነቱ ያለ ክርክር ይታያል። የሃምሳ ሳንቲሙ ግን ሌላ ችግር አለው፦ ከሺህ 800 እጅ ብር የሆነም፣ 700 እጅ የሆነም አለ። እነዚህን ዓይን አይለያቸውም።

በ1969ኙ ላይ የአንበሳውን አገጭ እዩ። በአንዱ ዓይነት ላይ በግራ በኩል ሁለት ጢሞች ከሌሎቹ ረዝመው ወደ ጋማው ይጠጋሉ፤ በሌላው ላይ ጢሞቹ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ዳዮቹ በተለያዩ መምቻ ቤቶች ከመሠራታቸው የመጣ ነው። ማግኔትም አስጠጉ፤ በኋላ ዘመን የወጡት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ይያዛሉ። ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ስለሆነ ዓይንን ለማሠልጠን ከዚህ የተሻለ የለም።

ደረጃ 9፦ የአንድን ዳይ ዕድሜ በቅደም ተከተል አስቀምጡ

ተመሳሳይ ስንጥቅ ያላቸው ሁለት ሦስት ግርሾች ካገኛችሁ ስንጥቁን በካሊፐር ለኩ። በአንዱ ላይ ከከንፈሩ እስከ መጀመሪያው ፊደል ብቻ ይደርስ ይሆናል፤ በሌላው ላይ ፊደሉን አልፎ ወደ አንበሳው ጀርባ ይሻገራል፤ በሦስተኛው ላይ ከስንጥቁ ጎን ቁራጭ ወድቆ እብጠት ይሆናል። ስንጥቅ ያድጋል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ አጭሩ መጀመሪያ፣ ረጅሙ በኋላ ተመትቷል። ዓመታቸው ሁሉ 1895 ቢልም የትኛው እንደቀደመ አወቃችሁ ማለት ነው። ይህንን ያህል ነገር ከአንዲት መስመር ማንበብ መቻል ለእኔ የዚህ ሥራ ደስታው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት የጎላ ስንጥቅ ቢኖራቸው መልካም ነው። አንድ ዓይነት የሰረጎደ ጭረት ወይም የውድቀት ጉድፍ በአንድ ቦታ ላይ ቢኖራቸው ግን ቢያንስ አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ከናሙና የተቀዳ ሐሰተኛ ነው። አደጋ በሁለት ሳንቲም ላይ አንድ ሆኖ አይደርስም።

ደረጃ 10፦ መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ገጽ ስጡ። ክብደት፣ ስፋት፣ ዓመት በግዕዝና በተራ ቁጥር፣ የዳይ አቅጣጫ፣ የእግር ወይም የጌጥ ዓይነት፣ የምልክቱ ቦታ በሰዓት፣ ጎልቷል ወይስ ሰርጉዷል። ከዚያ አራት ፎቶ፦ ፊት፣ ጀርባ፣ ጠርዝ፣ የምልክቱ ቅርብ እይታ። መብራቱ ከየት እንደመጣ በፎቶው ሥር ጻፉ፤ ያለዚያ ከወር በኋላ የጎላውን ከሰረጎደው መለየት ያቅታችኋል። መምቻ ቤቱ ካልተረጋገጠ ቦታውን ባዶ ተዉት።

ለማመሳሰል አዲስ አበባ ያላችሁ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክን ሙዚየምና ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎብኙ። ፎቶአችሁን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ሳንቲሙን ይዛችሁ አትሂዱ። በጥንት ዕቃ መደብሮች ወይም በወርቅ ቤቶች ስታዩ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ መነጽር አውጡ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ።

የአክሱም ሳንቲም ቢያጋጥማችሁ አካሄዱ ሌላ ነው። በእጅ የተመታ ስለሆነ ቅርጹ ወደ ጎን መሸሹ የተለመደ ነው፤ በእሱ ላይ እንደ ልዩ ስሕተት አይቆጠርም። በነሐሱና በብሩ ላይ አንዳንዴ የወርቅ ቅብ ታገኛላችሁ፤ በዒዛና ዘመን ጨረቃው በመስቀል እንደተተካም በገጹ ላይ ይነበባል። ነገር ግን ይህ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ከመሬት ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ አትጠቡት፤ ከተገኘበት አፈር ጋር እንዳለ አስቀምጡት፤ የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።